በረዶ ውስጥ የጠፋው ቤት

ኖርዌይ ልጄ ዘንድ ከርሜ መጣሁ። ስሄድ ሽሮና በርበሬ ተሸክሜ ነበር፤ ስመለስ ደግሞ ስለ ጣሪያ፣ ስለ ነፋስና ስለ በር አቀማመጥ የጻፍኩበት አንድ ደብተር ይዤ መጣሁ። በዚህ ዕድሜዬ ግንበኛ ልሆን አይደለም። ምክንያቱን ስትጨርሱ ትረዱታላችሁ።

የሄድኩት በእነሱ ፋሲካ ሰሞን ነው። የእኛ ገና ስለነበር እኔ ጾም ላይ ነኝ። ኖርዌይ ውስጥ ፋሲካ ሲደርስ ከተማው ጭር ይላል። ሰዉ ልጆቹን፣ ውሻውንና ብርቱካኑን ጭኖ ወደ ተራራ ይወጣል። (ብርቱካን በፋሲካ በረዶ ላይ ተቀምጦ መብላት የአገሩ ልማድ ነው፤ ለእኔ ጾመኛዋ ተመቸኝ።) ተራራው ላይ «ሂተ» የሚሉት የዕረፍት ቤት አላቸው። አምስት ሚሊዮን ተኩል ያህል ሕዝብ ባለበት አገር፣ ተራራውንም ባሕር ዳርቻውንም ጨምሮ፣ ከ400 ሺህ በላይ እንዲህ ያለ ቤት አለ። ከአባት ወደ ልጅ ይወርሳል። እኛ ዘንድ ወንድምና እህት በመሬት እንደሚጣሉ ሁሉ እነሱም በሂተ ይጣላሉ።

የአማቼ ቤተሰብ ሂተ ቫልድረስ በሚባል ተራራማ አገር ነው። ከኦስሎ ሦስት ሰዓት ያህል በመኪና ሄደን፣ መኪናውን መንገድ ዳር አቁመን የቀረውን በበረዶ ላይ አዘገምን። ልጆቹ በስኪ ቀድመው ሄዱ። እኔን በተንሸራታች ጋሪ ላይ አስቀምጦ፣ በሁለት ብርድ ልብስ ጠቅልሎ አማቼ ይጎትተኛል። ሙሽራ ሆኜ እንኳ እንዲህ አልተጎተትኩም። ግማሽ ሰዓት ያህል ከሄድን በኋላ ቆምን።

«ምነው ቆማችሁ? ቤቱ የታለ?» አልኩ።

የስምንት ዓመቷ የልጅ ልጄ በሳቅ ፍርስ አለች። «እምዬ፣ ፊትሽ ነው እኮ!»

አየሁ። ነጭ ጉብታ፣ ቅጠላቸው የረገፈ ቀጫጭን ዛፎች፣ ከዛፎቹ መሀል ጥቁር መስመር። ጥቁሩ መስመር ግድግዳው ነበር። ነጩ ጣሪያው ነው። ጢስ ባይወጣ ኖሮ አልፌው በሄድኩ።

*

ቤቱ 45 ካሬ ሜትር ናት። አንድ ሳሎን፣ ሁለት ጠባብ መኝታ ክፍል፣ አንዲት የእንጨት ምድጃ። መጸዳጃው ውጪ ሠላሳ እርምጃ ይርቃል። የሠሩት የአማቼ አያት ናቸው፤ ግንዱን በክረምት በፈረስ አስጎትተው፣ ከጎረቤት ጋር እየተጋገዙ። ደቦ ነው እንግዲህ፤ እነሱም የራሳቸው ስም አላቸው።

የመጀመሪያው ምሽት ላይ እራት ተበልቶ ሲያበቃ አማቼና እህቱ ጠረጴዛው ላይ ትልቅ ወረቀት ዘረጉ። የአዲስ ቤት ፕላን ነው። ለካ የዘንድሮው ፋሲካ የተሰበሰቡት ለዚሁ ኖሯል። አሮጌው ይፈርሳል፤ ጉብታው አናት ላይ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ይሠራል። ፊቱ ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት ነው። ለመኪና መንገድ ይወጣለታል፤ አለቱ በድማሚት ይስተካከላል። ግድግዳው ጥቁር ቡናማ ይቀባል፣ ጣሪያው ላይ ሣር ይደረጋል። አማቼም ይህችን መጨረሻዋን ነገር በኩራት ጠቆመኝ። «ከተፈጥሮው ጋር እንዲመሳሰል ነው» አለኝ።

አባቱ ሰማንያ ሊሞላቸው የተቃረቡ ሰው ናቸው። አንድ ቃል አልተናገሩም። ብርቱካን ይልጣሉ፤ ለልጆቹ ያድላሉ፤ ሌላ ይልጣሉ።

መቼም አያት ስንሆን ልባችን ወደ አሮጌው ያደላል፤ ወዲያው «የሽማግሌውን ቤት ሊያፈርሱባቸው!» አልኩ በሆዴ። ግን እህትየዋ ስትናገር ቆም አልኩ። ትንሹ ልጇ ስድስት ዓመቱ ነው፤ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚሄደው። የቤቷ ደፍ ከፍ ያለ፣ በሮቿ ጠባብ ናቸው። ልጁን ተሸክማ ታስገባዋለች፤ ተሸክማ ወደዚያ መጸዳጃ ትወስደዋለች። «አሁን እችላለሁ» አለች። «አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው ግን አልችልም። ያን ጊዜ ሁላችሁም እዚህ ስትሰበሰቡ እኔና እሱ ኦስሎ እንቀራለን።»

ማንም መልስ አልሰጣትም። ምን ይባላል? እኔንም ልጄ «እማዬ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ «እንግዳ ነኝ፤ ደክሞኛል» ብዬ ተኛሁ። ደክሞኝ አልነበረም። የማልናገርበት የራሴ ምክንያት ነበረኝ፤ እመለስበታለሁ።

*

በማግስቱ ማለዳ ሽማግሌው ልጄን አስተርጓሚ አድርገው ቤቱን ዙሪያውን አስጎበኙኝ። እኔ ጉብኝቱ ከአሥር ደቂቃ የሚያልፍ አልመሰለኝም፤ 45 ካሬ ሜትር ቤት ስንት ይዞራል? ሁለት ሰዓት ፈጀብን።

መጀመሪያ ከጉብታው ሥር አቆሙኝ። ከላይ ሆኖ የሚታየው እይታ እጅግ ያምራል፤ ሐይቁ፣ ከማዶው ያለው ሰንሰለት፣ ሁሉም። «አባትዎ ለምን ላይ አልሠሩትም?» አልኳቸው። ጓንታቸውን አውልቀው እጄን ያዙና ሦስት አራት እርምጃ ወደ ላይ ወሰዱኝ። ነፋሱ ፊቴን በጥፊ መታኝ። ተመልሰን ወረድን፤ ጸጥ አለ። ከዚያ ደግሞ ወደ ታች፣ ወደ ረባዳው አሳዩኝ። እዚያ ነፋስ የለም። ግን ብርድ አየር እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይወርዳል፤ ሌሊት ረባዳው ውስጥ ይተኛል። በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ ሁሉም ውሃ እዚያ ነው የሚጠራቀመው፤ በበጋ ረግረግ ይሆናል። ቤቷ የተቀመጠችው እንግዲህ ከጉብታው ዝቅ፣ ከረግረጉ ከፍ ብላ ነው። አባትየው አንድ ክረምት ሙሉ እየተመላለሱ በረዶው የት እንደሚከመር፣ የት ቀድሞ እንደሚቀልጥ አይተው ነው ቦታዋን የመረጡት።

ቤቷ ጠባብ ጎኗን ለምዕራቡ ነፋስ ሰጥታለች። ነፋሱ ያን ጎን መትቶ ለሁለት ይከፈልና በረጃጅሞቹ ጎኖች በኩል ይጠርጋል፤ የተሸከመውን በረዶ የሚጥለው አልፎ ከኋላዋ ነው። በሩ ያለው በሚጠረገው ጎን ላይ ነው። በኋላ በኩል ቢሆን ኖሮ በየጠዋቱ አካፋ ይዞ መቆፈር ነው። በሩ የሚከፈተውም ወደ ውስጥ ነው። ሌሊቱን በረዶ ቢከመርበት ወደ ውጪ የሚከፈት በር አይገፋማ! ይህን ሲነግሩኝ ልጄም አታውቀውም ነበር። አሥር ዓመት ገብታ ወጥታበታለች።

ከማዶ ያለውን ቁልቁለት ጠቆሙኝ። ከ30 ዲግሪ በላይ የሚያዘቀዝቅ ተዳፋት የበረዶ ናዳ ሊለቅ ይችላል፤ ስለዚህ ከእንዲህ ያለው ሥር ማንም ቤት አይሠራም። አሁን ሕግም ሆኗል፤ ሂተ የሚሠራበት ቦታ ናዳ የሚደርስበት ዕድል በዓመት ከ1,000 አንድ መብለጥ የለበትም። በድሮ ጊዜ ይህን የሚያውቁት ሽማግሌዎችን ጠይቀው፣ የተሰበሩ ዛፎችን አይተው ነው።

ጣሪያው ላይ ብዙ ቆየን። እኔ ሣሩን ለጌጥ ነበር የመሰለኝ። የእነሱ የድሮ አሠራር እንዲህ ነው፤ በጣውላው ላይ በርች የሚባለውን ዛፍ ቅርፊት እንደ ዓሣ ቅርፊት ደራርበው ያነጥፉታል። ውሃ የማያስገባው እሱ ነው። ቅርፊቱ ግን ቀላል ስለሆነ ነፋስ ይወስደዋል፤ ይጠቀለላልም። ስለዚህ ከነአፈሩ የተገነጠለ ሣር በላዩ ይጫንበታል፣ ሁለት ድርብ። የታችኛው ሣሩን ወደ ታች ደፍተው፣ የላይኛው ሣሩን ወደ ላይ አድርገው። ከጊዜ በኋላ ሥሩ ተያይዞ አንድ ምንጣፍ ይሆናል። ክብደቱ በካሬ ሜትር 250 ኪሎ ገደማ ነው። ጣሪያዋ 60 ካሬ ቢሆን 15 ቶን ማለት ነው! «አይከብድም ወይ?» አልኳቸው። እንዲከብድ ነው የተፈለገው። ግድግዳው ተደራርቦ የተጋደመ ግንድ ስለሆነ ክብደቱ እየተጫነ ግንዶቹን ያጋጥማቸዋል፤ ንፋስ የሚገባበት ቀዳዳ ይጠባል። በክረምት በረዶው ከሣሩ ላይ አይንሸራተትም፤ እንደ ጋቢ ደርቦ ይቀመጥበታል። ሰብሰብ ያለ በረዶ አንድ ሜትር ከፍታ ካለው በካሬ ሜትር 300 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ እሱም ታስቦ ነው ወራጁ እንዲያ የወፈረው። ተዳፋቱ ሲበዛ ሣሩ ይንሸራተታል፣ ሲያንስ ውሃው ይተኛል፤ ስለዚህ ጣሪያው ከረባዳው ተረተር ጋር የተመሳሰለው ሰው አስመስሎ ስለሣለው አይደለም። ክብደቱ ነው እንደዚያ ያደረገው።

ሽማግሌው ሐቀኛ ናቸው። «ቅርፊቱ አሁን የለም» አሉኝ። ጣሪያውን ሲያድሱ ከሥሩ ያደረጉት ላስቲክ ነው፤ በገበያ የሚሸጠው። ቅርፊት መግፈፍ ዘመን አልፎበታል። በየበጋው ግን መሰላል አድርገው ይወጣሉ። ዘር ነፋስ አምጥቶት የበቀለ የበርች ችግኝ ይነቅላሉ፤ ካልተነቀለ ሥሩ ወርዶ ይበሳዋል። «አሁን ጉልበቴ መሰላል እምቢ ብሏል» አሉ። ከዚያ ዝም አሉ። የዝምታቸው ግማሹ እዚያ እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ቀለሙስ? ግድግዳው በቀለም አልተቀባም። ከጥድ የሚነጠር ቅጥራን ነው፤ በጥቂት ዓመት አንዴ ይለቀለቃል። እንጨት እንዳይበሰብስ ያደርገዋል፤ ጥንታዊ የእንጨት አብያተ ክርስቲያናታቸውን ለዘመናት ያቆየው እሱ ነው። ጥቁር ግድግዳ የቀትር ፀሐይ ሲመታው ይሞቃል፤ ከሥሩ ያለው በረዶም ቀድሞ ይቀልጣል። መስኮቶቹ ደግሞ ትንንሽ ናቸው፣ ዝቅ ያሉም ናቸው። ቆሜ ሳይ ቅር አሉኝ። ሽማግሌው «ተቀመጡ» አሉኝ። ብቀመጥ ሐይቁ በሙሉ መስኮቱ ውስጥ አለ። ለተቀመጠ ሰው ነው የተለካው፤ ለደከመ ሰው።

*

ትንሽ ከመንገድ ልውጣ። ስኪ የሚለው ቃል ጥንት በእነሱ ቋንቋ የተፈለጠ እንጨት ማለት ነበር። የልጅ ልጄ ላስተምርሽ ብላ ሁለቱን የተፈለጠ እንጨት እግሬ ላይ አሰረችልኝና ሦስት እርምጃ ሄጄ በጀርባዬ ተዘረርኩ። «ሐበሻ ስኪ አይችልም» ስላት ተቆጣች። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 (እ.ኤ.አ.) ቶሪኖ ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በክረምት ኦሊምፒክ በአገር አቋራጭ ስኪ የተወዳደረ የመጀመሪያው ሰው መሆኑን ነገረችኝ፤ ቫንኩቨርም በ2010 ደግሞታል። ከዚያ እኔም አንድ አልኳት፦ የኖርዌይ ትልቁ ተራራ 2,469 ሜትር ነው፤ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። አላመነችኝም፤ አባቷን ጠየቀች። እነሱ ዘንድ 1,000 ሜትር አለፍ ሲል ዛፍ መብቀል ያቆማል፤ እኛ መንዝ ላይ በ3,000 ሜትር ገብስ እናጭዳለን። ሰሜን ዋልታ ቅርብ ስለሆኑ ነው እንጂ ተራራው አይደለም።

መንዝን አነሳሁ። ወደማልናገርበት ነገር መጣሁ ማለት ነው።

*

አባባ ቤታቸው መንዝ፣ ከጓሳ አጠገብ ነበር። ድንጋይ በድንጋይ የተካበ ክብ ቤት፤ ክዳኑ የጓሳ ሣር። ጓሳን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ የሚበቅል ጠንካራ ሣር ነው፤ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ እረኛ በዝናብ የሚለብሰው ገሳ ይሠራበታል። እንደልብ አይታጨድም። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን አንሥቶ እንደሆነ ይነገራል፣ አካባቢው በሽማግሌ ይጠበቃል፤ ለዓመታት ይዘጋና ሣሩ ሲደርስ ብቻ ይከፈታል። ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው እስከ ዛሬ እዚያ የቆዩት በዚሁ ነው። አንድ ቤት ለመክደን የጓሳ መከፈት ይጠበቃል እንግዲህ።

የአባባ ቤት ጀርባዋን ለነፋስ ሰጥታ፣ ድንጋይ ካብ ተከልላ የተቀመጠች ነበረች። ከሩቅ ስትታይ ከአለቱ አትለይም። እኛ ልጆቻቸው አዲስ አበባ ሥራ ይዘን፣ ገንዘብ አዋጥተን፣ «አባባ በዚህ ዕድሜያቸው በጭስ ቤት!» ብለን አፈረስናት። በምትኩ አራት ማዕዘን፣ ባለ ቆርቆሮ፣ ፊቱን ወደ መንገድ ያዞረ ቤት አሠራን። ትልልቅ መስኮት አደረግንለት፤ መስታወቱን እኔ ነኝ ከመርካቶ ገዝቼ የላክሁት። መንገዱ ያለው በነፋሱ በኩል መሆኑን ማንም አላሰበም። የሠራልን ሰውም አልጠየቀ፣ እኛም አልነገርነው። ስሜን እየጠራ የሚመርቀኝ ጎረቤት ብዙ ነበር።

ቆርቆሮ በቀን ያነዳል፣ በሌሊት ውርጭ ያወርዳል። ዝናብ ሲመጣ ሰው ከሰው አይደማመጥም። አባባ አንድ ቀን «አልተመቸኝም» አላሉም። በመጀመሪያው ክረምት ግን አልጋቸውን አስወጥተው ማድ ቤት አስገቡት። ማድ ቤቱ የድሮው ነበር፤ ሣር ክዳኑን ለማንሳት ገንዘብ አልበቃንም ነበርና ተርፎ ነበር። ስሄድ አዲሱ ቤት ውስጥ ወንበሩ ተደርድሮ፣ መጋረጃው ተሰቅሎ እንግዳ ይጠብቃል። እሳቸው ማድ ቤት። ሦስት ዓመት እንዲያ ኖሩ፤ ያረፉትም እዚያው ነው። ሬሳቸውን ያወጣነው ከማድ ቤት ነው። ለቀስተኛው እንዳያይ ወንድሜ አስቀድሞ አልጋውን ወደ አዲሱ ቤት አዛወረው።

ይህንን ለልጄ ነግሬያት አላውቅም ነበር። በሁለተኛው ምሽት ሁሉም በተሰበሰቡበት፣ እሷው እያስተረጎመች ተናገርኩት። መሀል ላይ ድምጿ ሲሰበር ቆም አልኩላት። ስጨርስ «አሮጌውን አታፍርሱ» አላልኩም። አሮጌውም ጭስ ነበረበት፤ አባባን ያሳላቸው እሱ ነው። ያልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እኛ ቤቱ ውስጥ የሚተኛውን ሰው አልጠየቅንም፤ ቦታውንም አልጠየቅንም።»

*

በሦስተኛው ቀን አርክቴክቷ መጣች፤ የእህትየዋ ጓደኛ ናት። ፕላኑን የሣለችው እሷ ስለሆነች ትከራከራለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ረጃጅም ቀጭን እንጨቶች ይዛ መጣች። የአዲሱን ቤት አራት ማዕዘን በጉብታው ላይ በገመድ ለካች፤ የጣሪያው ከፍታ የሚደርስበት ላይ ቀይ ጨርቅ ያለበት ሰባት ሜትር ተኩል እንጨት አቆመች። ልጆቹ አራቱን ማዕዘን ይዘው እንዲቆሙ ተደረገ። እኛ አዋቂዎቹ የቀዘቀዘውን ሐይቅ በእግር ተሻግረን ከማዶ ዞረን አየን። (ሐይቅ ላይ በእግሬ መሄዴን ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው አላመኑም።)

የተራራ በርች አጭር ዛፍ ነው፤ አራት አምስት ሜትር ቢሆን ነው። ቀዩ ጨርቅ ከሁሉም በላይ፣ ሰማዩን ወግቶ ይውለበለባል። አሮጌዋ ቤት አሁንም አትታይም። አማቼ ለረጅም ጊዜ አየ። «ቡናማ ብቀባውም ያው ነው» አለ በመጨረሻ። የሣር ጣሪያም ቢሆን ያው ነው።

ብዙ የኖርዌይ ማዘጋጃ ቤቶች ተራራ ላይ ለሚሠራ ሂተ ደንብ አላቸው። ጥቁር ወይም የመሬት ቀለም፣ የማያብለጨልጭ ጣሪያ፣ የተወሰነ ከፍታ፣ የሚቆፈርና የሚሞላ አፈር መጠን። ጥሩ ነው። ሆኖም በመንገዳችን ላይ ያየኋቸው የሂተ መንደሮች ደንቡን ሁሉ ያከበሩ ናቸው፤ ሁሉም ቡናማ ነው፣ ሁሉም ሣር ለብሷል። ቤቱ ግን ከኦስሎው ቤት እኩል ነው፤ ከሥሩ አለቱ ተቆርጧል፤ በየበሩ ሁለት መኪና ቆሟል። ማታ መስታወቱ ሁሉ ሲበራ ተራራው የገበያ አዳራሽ ይመስላል። ሰው የማይወደው የበረዶ አጋዘን መንጋም መተላለፊያው እየጠበበት ነው። ቡናማ ቀለም ለአጋዘን ምኑ ነው?

አርክቴክቷ ስለ አንዲት የቀድሞ ባለሙያ አጫወተችኝ፤ ቬንከ ሴልመር ትባላለች፣ ከ1920 እስከ 1998 (እ.ኤ.አ.) የኖረች። በደቡብ ዳርቻ ትንንሽ የእንጨት የበጋ ቤቶችን በአለትና በዛፍ መሀል አለቱን ሳትነካ ታስቀምጥ ነበር። ተራራ ላይ አይደለም፤ አስተሳሰቡ ግን ይሠራል። ቤቱ ሰፋ እንዲል ከተፈለገ አንድ ትልቅ ማድረግ የግድ አይደለም። የኖርዌይ ገበሬ ድሮ አንድ ትልቅ ቤት አልነበረውም፤ በአንድ ግቢ ዙሪያ ብዙ ትንንሽ ነበሩት። መኖሪያው ለብቻ፣ ከብቱ ለብቻ፣ እህሉ ከአይጥና ከእርጥበት በእግር ከፍ በተደረገ ጎተራ ለብቻ። ይህን ስትል ልጄና እኔ ተያየን። የእኛ ግቢ ምን ሆነና!

በዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ በብርቱካን ልጣጭ መሀል አዲስ ወረቀት ተዘረጋ። አሮጌዋ ትቆያለች። ከጎኗ፣ ከጉብታው ዝቅ ብሎ ባለው ደረቅ መሬት ላይ፣ ሌላ ዝቅ ያለ ቤት ይሠራል፤ ሁለቱ ማዕዘን ሠርተው መሀላቸው ነፋስ የማይገባበት፣ ፀሐይ የሚያገኝ ደጅ እንዲሆን። አለት አይፈነዳም፤ ቤቱ በትንንሽ ምሰሶ ላይ ይቀመጣል፣ መሬቱም እንደነበረ ከሥሩ ያልፋል። ደፍ የለውም። በሩ 90 ሳንቲ ሜትር ሰፊ ነው፤ መጸዳጃው ውስጥ ነው፤ ከአሮጌዋ በር ድረስ ተሽከርካሪ ወንበሩ የሚሄድበት የእንጨት መተላለፊያ ይዘረጋል። መኪና እስከ በር አይመጣም፤ ልጁ ከመንገዱ እስከ ቤቱ በክረምት በተንሸራታች ጋሪ ይመጣል። እኔም እኮ መጥቼበታለሁ።

ወጪው ከመጀመሪያው ብዙም አያንስም። አማቼ ትልቁ መስታወቱ ቀረበት፤ ቅር ብሎታል፣ እስከ መጨረሻውም አልደበቀውም። የመጨረሻው ክርክር የመስኮቱ ከፍታ ነበር። አርክቴክቷ ሜትሯን አውጥታ እንዲቆም አማቼን ጠራችው። ሽማግሌው ያን ጊዜ ብርቱካናቸውን አስቀመጡ፤ ለሦስት ቀን ያልተናገሩት ሰውዬ «እሱን አይደለም» አሉ። የስድስት ዓመቱን ልጅ በወንበሩ ላይ እንዳለ ወደ ግድግዳው ገፉት፤ መዳፋቸውን በዓይኑ ትይዩ ግድግዳው ላይ አሳረፉና «ከዚህ» አሉ። በእርሳስ ተመለከተ። መስኮቱ ረጅምና ዝቅ ያለ ይሆናል።

*

እዚህ ከመጣሁ ሳምንቴ ነው። ልጄ ትናንት ፎቶ ላከችልኝ፤ አማቼ ጣሪያው ላይ ተንበርክኮ በአካፋ በረዶ ሲያነሳ፣ ሽማግሌው ከታች ሆነው ጣታቸውን ወደ አንድ ቦታ ሲቀስሩ። ዘንድሮ በበጋ ችግኙን የሚነቅለው እሱ ነው አሉ፤ እንዴት እንደሚነቀል እየተማረ ነው።

የልጅ ልጄ ደግሞ በስልክ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «እምዬ፣ የአባባ ቤት በር ወዴት ነበር የሚዞረው?» ለትምህርት ቤት ልትሥለው ነው። ደብተሬን አውጥቼ ሞከርኩ። ክቡን ሣልኩ፤ ካቡን ሣልኩ፤ መደቡን፣ ምድጃውን፣ የጥጃዋን ቦታ ሣልኩ። በሩ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። በልጅነቴ በየቀኑ የወጣሁበትን በር!

መሐል ሜዳ ያለውን ወንድሜን ደወልኩለት። እሱም አሰበ፣ አሰበ፤ «ወደ ገደሉ ነው መሰለኝ» አለ።

«መሰለኝ ብሎ ነገር የለም፤ ልጅቷ ልትሥለው ነው።»

«ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል? መሠረቱ እኮ እዚያው ነው፤ ከአዲሱ ቤት ጓሮ። ድንጋዩን ማን አነሳው?»

ገመድ ይዞ ሄዶ ዙሪያውን እንዲለካልኝ፣ የበሩንም ስፋት እንዲያይልኝ ለመንኩት። ቅዳሜ ከገበያ መልስ እሄዳለሁ ብሎኛል።